«ኖ ታንክዩ» ብዬ ጦሜን ያደርኩበት ሌሊት

እንግሊዝኛ አታውቅም የሚለኝ ካለ ይምጣና እንፋጠጥ። ሠላሳ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ናፖሊዮንን ስንቴ ሞስኮ አድርሼ እንደመለስኩት ጠመኔ ይመስክር። ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ አምጥታ አንድ ቁርስ ቤት ስታስቀምጠኝ ግን ያ ሁሉ እንግሊዝኛ አንድ እንቁላል ማዘዝ አቃተው።

ለካ የእኛ እንግሊዝኛ ወጥ ቤት አልነበረውም። መጽሐፉ ውስጥ ንጉሥ ይነግሣል፣ ጦር ይዘምታል፣ ውል ይፈረማል፤ ቁርስ የሚበላ ሰው ግን የለም።

አስተናጋጇ «እንቁላልህን እንዴት ላድርግልህ?» አለችኝ። ሳልመልስላት ደርድራ ጨረሰችው። ሳይገለበጥ፣ አስኳሉ እንደ ፀሐይ ወደ ላይ ካፈጠጠ «ሰኒ ሳይድ አፕ» ነው። ተገልብጦ አስኳሉ ሳይረጋ ከወጣ «ኦቨር ኢዚ»፣ ተገልብጦ ከደረቀ «ኦቨር ሃርድ»። ከነቅርፊቱ ሳይሆን ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ከበሰለ «ፖችድ»፤ ፍርፍሩ ደግሞ «ስክራምብልድ»። እንቁላሉን ተገላገልኩ ስል ዳቦው ተከተለ፤ «ነጭ ነው ወይስ ስንዴ?» ነጩስ ከምን የተሠራ ሊሆን ነው? እሱም ከስንዴ ነው! ሠላሳ ዓመት ፈተና ሳወጣ ኖሬ ቁርሱን ያልበላ ሰው ላይ ይህን ያህል ጥያቄ አውርጄ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ አስተማሪዬ ሆናለች። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እኔንም በአማርኛ «አንተ አባባ» ትለኛለች። የፍሪጁን በር በቃላት ወረቀት ለጥፋ ማታ ማታ ትፈትነኛለች። ስሳሳት ደግሞ ከንፈሯን ትመጥጣለች፤ ይህቺን እንኳ ከአያቷ ነው የተማረችው።

የመጀመሪያው ትምህርት ሥጋ ነበር። ላሟ «ካው» ናት፤ ስትታረድ «ቢፍ» ትባላለች። አሳማው «ፒግ»፣ ሥጋው «ፖርክ»። በግ «ሺፕ»፣ ሥጋው «መተን»። ልጅቷ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ይህን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ወረረ። አዲሶቹ ጌቶች የሚናገሩት ፈረንሳይኛ ነበር። ከብቱን የሚጠብቀው ገባር በራሱ አፍ «ካው» እንዳለ ቀረ፤ ሥጋው የሚቀርብለት ጌታ ግን በራሱ ቋንቋ ጠራው። ሥጋውን መብላቱ ሳያንስ ስሙንም ወሰደው! እኛ በ1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ታወጀልን፤ እንግሊዞች ግን ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፏቸውም «ሥጋ ላርቢው» የሚል አንድ ተማሪ ለሰልፍ አልወጣላቸውም። ዶሮ ግን በሕይወቷም በወጧም «ቺክን» ሆና ቀረች። ምግብ ቤት በገባሁ ቁጥር ዶሮ የማዘው በዚህ ነው።

ያወቅኩትም ቃል ቢሆን ይከዳኛል። አዲስ አበባ ቺፕስ ማለት የተጠበሰ ድንች ነው፤ የተማርነው የእንግሊዞቹን ነዋ። እዚህ ቺፕስ ብዬ ባዝዝ በላስቲክ የታሸገ የሚንኮሻኮሽ ነገር መጣልኝ፤ የኔው ድንች ለካ አሜሪካ ሲገባ «ፍራይስ» ተብሎ ስሙን ቀይሯል። ለሻዬ ብስኩት ስል ደግሞ በነጭ መረቅ የሚበላ ለስላሳ ዳቦ አመጡልኝ። «አንትሬ» የሚሉት ቃል በፈረንሳይ የምግብ መግቢያ ነው፤ አሜሪካኖች ዋናውን ምግብ አንትሬ ይሉታል። እኔማ መግቢያ ነው ብዬ ዋናው እስኪመጣ ብጠብቅ ሒሳቡ መጣ።

ዓርብ ዕለት ሌላ ጉድ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት ስጡኝ ብል «ቪጋን ነህ?» አለኝ አስተናጋጁ። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1944 እንግሊዝ አገር የተፈጠረ ነው፤ ቢበልጠኝ በሁለት በሦስት ዓመት ነው። «አይደለሁም፤ ነገ ሥጋ እበላለሁ» ብለው ግራ ገባው። የጾም ምግብ ለሚባል ነገር እምነት ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያም እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት የናፖሊዮን እንግሊዝኛ አልበቃኝም።

ጤፍንስ ቢሆን? ከነዘመዶቿ የምትጠራበት የእንግሊዝኛ ስም «ላቭግራስ» ነው፤ የፍቅር ሣር! እሷን ሲያርምና ሲያጭድ ወገቡ የተቆረጠ የጎጃም ገበሬ ይህን ቢሰማ ለፍቅር ያለው አመለካከት ይለወጥ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ቢያናድድ እንጂ አያስርብም። ያስራበኝ ሌላ ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ እራት ጠራችን። ጠረጴዛው ሞልቷል፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ሴትየዋ ሳሕን ዘርግታልኝ «ትበላለህ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ። እኔም ያደግኩበት ነውና ቀና ብዬ «ኖ ታንክዩ» አልኩ። የምታውቁት ነው፤ የመጀመሪያው «በልቻለሁ» ጨዋነት ነው። ሁለተኛው «እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ» ጨዋታ ነው። ሦስተኛው ላይ «በሞቴ!» ሲባል «እንግዲያስ ትንሽ ልቅመስ» ተብሎ እጅ ይታጠባል። ሴትየዋ ግን «ኦኬ» ብላ ሳሕኑን ይዛው ሄደች። ትመለሳለች ብዬ በሩን በሩን አየሁ። ጥቂት ቆይታ «ሄልፕ ዩርሰልፍ» አለችና አለፈች። ለካ «አንሥተህ ብላ» ማለቷ ኖሯል፤ እኔ ግን «ራስህን እርዳ» አለችኝ ብዬ ተረጎምኩት። በእኛ አገር ይህ የሚባለው ሰው ቸግሮት ደጅ ሲጠና ነው፤ ሰውነቴ ሽምቅቅ አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ።

እኩለ ሌሊት ላይ የልጅ ልጄ ፍሪጁ ዘንድ ቆሜ ደረቅ እንጀራ ስጎርስ ያዘችኝ። ምክንያቱን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ሳቀችና ወረቀት አምጥታ በትልቁ ጻፈች፤ «የስ»። ከሁሉም ቃል በላይ ለጠፈችው። እስከዛሬ በመጀመሪያው ጥያቄ «የስ» ለማለት እየታገልኩ ነው። ምላሴ ይታዘዛል፤ አስተዳደጌ ነው እምቢ ያለው።

ባለቤቴስ? እሷ የምታውቀው የእንግሊዝኛ ምግብ ቃል አንድ ነው፤ «ኢት!» ሚስቱ የሞተችበት ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ አንድ እሁድ ደጃፋችን ሲያልፍ አስገባችውና ዶሮ ወጥ አቀረበችለት። «ኢት!» አለችው። «ኖ ታንክዩ» አላት። ቃሉን ስለማታውቀው «ኢት!» ብላ ደገመችው። ሰውየው እጁን አነሣ፤ አልቀበልም። በሦስተኛው ጠቅልላ አፉ ላይ አደረሰችው፤ ጎረሰ። ዛሬ እሁድ እሁድ ሳይጠራ ይመጣል፤ እንቁላሉንም እንዴት ላድርግልህ ብላ ጠይቃው አታውቅም።

ስለዚህ በሰው አገር ያላችሁ ልጆች ሆይ፣ አባት እናት ስታመጡ የእንግሊዝኛ ቃል ማስተማሩን ለፍሪጁ ተዉት። ሽማግሌያችሁ «ኖ ታንክዩ» ካለ አትስሙት። ሦስት ጊዜ ለምኑት፤ በሦስተኛውም «በሞቴ» በሉት።