ቪታራ ሊገዙ ላሰቡ ወዳጆች

እንኳን ደስ ያለዎት። ዕቁቡ ደርሶዎታል፣ አማትዎም ጥቂት ጨምረውበታል። አራት በአራት መኪና አምሮዎታል፤ ለዐቅምዎ የቀረበችው ደግሞ አሮጌዋ ሱዙኪ ቪታራ ናት። ደህና መርጠዋል። ይቀመጡ፣ ቀስ እያልን እንነጋገር።

በመጀመሪያ ይቸኩሉ። ሌላ አገር ያለ ሰው መኪና እስኪያረጅና እስኪረክስ ይጠብቃል። እርስዎ አይጠብቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ አሮጌ መኪና አገሩን እንዳያጥለቀልቅ በማሰብ፣ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ባለወግ ሆኑ። ቪታራዋ በሚመጣው ዓመት ይበልጥ ታረጃለች፤ ያን ጊዜ ከዐቅምዎ በላይ ትሆናለች። ገና 30 ዓመቷ ሳለ ይድረሱባት።

ቀጥሎ ደላላውን ይመኑ። ከሻጭም ከእርስዎም ኮሚሽን ይወስዳል፤ ለማንም እንደማያደላ ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የለም። «ሐኪም ናቸው የያዟት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ» ይልዎታል። የሐኪሙን ስም አይጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠውን መኪና ሁሉ የያዙት እኚሁ ሐኪም ናቸው፤ መቼ እንደሚያክሙ ብቻ አይታወቅም። የራስዎን መካኒክ ይዘው ይሂዱ። ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ይቆማል። ከደላላው ጋር በዓይን ሲጠቃቀሱ ካዩ ደስ ይበልዎት፤ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል መዋል መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ የሚገዟትም ለዚሁ ነው። ከማርሹ አጠገብ አጠር ያለች ሌላ ማርሽ ያያሉ። መኪናዋን ከሁለት ጎማ ወደ አራት ጎማ የምታሻግረው እሷ ናት። በደረቅ አስፋልት ላይ አያስገቧት። የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲታጠፉ እኩል መንገድ አይሄዱም፤ ቪታራ ደግሞ ይህን የሚያቻችል የመሐል ዲፈረንሻል የላትም፣ ጥርሱ ይጨነቃል። ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ልቅ አፈር ይጠብቁ። ጨርሰውም እንዳይረሷት፤ አልፎ አልፎ፣ በወር አንዴ ያህል፣ ልቅ አፈር ላይ ጥቂት ቢያስኬዷት ዘይቱ ለፊተኛው ክፍል ይዳረሳል።

እስቲ ያስቡት። ቤትዎ አያት፣ ሥራዎ መገናኛ ነው። በመካከሉ ያለው አስፋልት ነው። ስለዚህ በወር አንዴ ጭቃ ፍለጋ ከከተማ መውጣት ይኖርብዎታል። ጭቃ ውስጥ ከገባች ግን ትቆሽሻለች፣ ሆዷ ይጫራል፣ ዋጋዋም ይወርዳል። ስለዚህ አያስገቧት። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ባለቤት አላስገቧትም፤ ለእሳቸው የሸጠላቸውም ሰው እንዲሁ። ትንሿ ማርሽ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘች ብትሆን እንኳ እስከ ዛሬ ያወቀ የለም፣ ያልታወቀ ጉድለት ደግሞ ዋጋ አይቀንስም። መቁጠሪያ ይስቀሉባት። የሚሸጡ ዕለት «አራት በአራቷ አልተነካችም» ይበሉ። በዚያ ቀን ከሚናገሩት ሁሉ ይቺ እውነት ትሆናለች።

ስለ ጉልበቷ አይጨነቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ስስ ነውና 1.6 ሊትር የሆነው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ቤትዎ በር ላይ ያጣል። እንጦጦ ሲወጡ ይብሳል። መስኮቱን ይክፈቱ፣ በአንደኛ ማርሽ ይታገሱ። ልምምድ ላይ ያሉ አትሌቶች ሲያልፉዎት ሰላም ይበሏቸው። ሲመለሱም ሰላም ይበሏቸው።

ስፖኪዮዎቹ ላይ የታርጋ ቁጥርዎን ያስቀርጹ። ሌባ በዚህ አይመለስም። ነገር ግን በማግስቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የራስዎን ከሌላው ሰው ለይተው ለመግዛት ይረዳዎታል። ሻጩን አይቆጡ፤ ጥቂት ብር ከቀነሰልዎ ያመስግኑት፣ ስልኩንም ይያዙ። ደንበኛ መሆን ጥቅም አለው፤ ለእሱም የእርስዎን ሰፈር ማወቁ አይከፋም።

ቦሎ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ምርመራው ያስጨንቅዎ ይሆናል። አይዞዎት። ጎማዎ ካለቀ ቪታራ ካለው ጎረቤት ይዋሱ። እሳት ማጥፊያውንም ይዋሱ፤ እሱም ከሌላ የተዋሰው ነውና አይሳቀቁ። እኔ በማውቀው አንድ መንደር ስድስት መኪና በአንድ እሳት ማጥፊያ ቦሎ ለጥፎ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ፍቅር የትም አይገኝም። መርማሪው ፍሬኑን አይቶ ካለፈልዎ በኋላ ጎማዎቹን በዕለቱ ይመልሱ። ያለቁት ጎማዎች ወደ ቦታቸው ይግቡ፤ ለመንገዱ እነሱ ይበቃሉ።

ቤንዚን ስለመቅዳት የምለው የለኝም። ምሳ ይዘው ይሂዱ።

አንድ ቀን፣ በሐምሌ ይሆናል፣ አክስትዎ ከገጠር ይደውሉልዎታል። «ልጄ፣ አሞኛል። መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንተ ግን የጭቃ መኪና አለህ አሉ» ይሉዎታል። ይህ ቀን ታስቦ ነበር መኪናዋ የተገዛችው፤ እንዳይደነግጡ። በዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ዋጋው በየቀኑ የሚወጣን ንብረት ይዞ መሄድ ከአንድ አስተዋይ ሰው አይጠበቅም። መናኸሪያ በሌሊት ይድረሱና አውቶቡስ ይሳፈሩ። ከወረዳው ከተማ ወዲያ ያለውን ጭቃ ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ያሻግርዎታል፤ ሾፌሩ መንገዱን ያውቀዋል፣ በቀን አሥር ጊዜ ይመላለስበታል። ለአክስትዎ ብርቱካን መያዝዎን አይርሱ። ከቤት ሳይወጡም ቪታራዋን ሸራዋን በደንብ ያልብሷት፣ ባትሪዋንም ይንቀሉ።