የቤተሰብ መኪና አመራረጥ ሥርዓት

በአዲስ አበባ የቤተሰብ መኪና ምርጫ፣ ማለትም የልጆች ብዛት፣ የመንገድ ጠባይና የኪስ አቅም ተመዝነው ይወሰንበታል የሚባለው ሂደት፣ የራሱ ሥርዓት አለው። አባወራው አስቀድሞ የሚጠይቀው መኪናው ስንት ሰው እንደሚይዝ ሳይሆን ነገ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ነው፤ መኪና በከተማዋ እንደ ባንክ ተቀማጭ ስለሚታይም አምስት መቀመጫ ያላት ቪትዝ፣ አራት ልጆች፣ ሞግዚትና ከክፍለ ሀገር የመጡ አያት ቢታከሉባትም፣ “ዋጋዋ አይወርድም” በሚለው የማይረታ ማስረጃ ለሰፊ ቤተሰብ ተስማሚ ሆና ትገኛለች (ሕፃናት የሚደለደሉት በወንበር ሳይሆን በጭን ነው)። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን ክርክሩ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻግሯል። ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ በመሆኑ በቻይንኛ ሲያናግር፣ ቤተሰቡ ምን እንዳለ ለመገመት የሚያደርገው ውድድር ከመዝናኛ ይቆጠራል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ የጎረቤት ዓይን ማረፊያ ይሆናል። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ ገዢዎች ከመፈረማቸው በፊት ልጆቹንም አያትንም ይዘው ሄደው አስቀምጠው ቢሞክሩ ይመከራል።