ቋንጣ በቴርሞሜትር

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ቤት የገዛ የአገሬ ልጅ ከሣሩ ማጨጃ ቀጥሎ የሚገዛው ነገር ሥጋን በጢስ የሚያበስለው ስሞከር ሆኗል። ጓሮው ላይ ይገተራል፣ ዝናብ እንዳይነካው ልብስ ይለብሳል። ዋጋው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፦ «በቅናሽ ነው ያገኘሁት!»

ይኸው ሰውዬ አገር ቤት ሳለ «ጢስ ዓይኔን ያቃጥለኛል» እያለ ማድ ቤት ደጃፍ አይደርስም ነበር። ዛሬ ስለ እንጨት ዓይነት ያስተምረናል።

ትልቁ ፈተናው የበሬ ፍርምባ ነው። በ225 ፋራናይት ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ችግሩ፣ የሥጋው ሙቀት 150 ወይም 160 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከላዩ የሚተነው እርጥበት እንደ ላብ ስለሚያቀዘቅዘው ለሰዓታት ፈቅ አይልም። ሰውዬው ይህን በደንብ ያውቃል፤ ማወቁ ግን እንቅልፍ አይሰጠውም። ቅዳሴ ላይ አንገቱን ደፍቶ ያየው ሰው በተመስጦ ላይ ያለ ይመስለዋል። እሱ የሚያየው በስልኩ የሚመጣለትን የፍርምባውን ሙቀት ነው። የአሜሪካኖች የጥብስ በዓል ጁላይ 4 ደግሞ ሁልጊዜ ሰኔ 27፣ በሐዋርያት ጾም መሀል ነው የሚውለው። «እሱ የቄስ ጾም ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ፍርምባው ሲለምድለት ወደ ቋንጣ ይዞራል። እናቱ ሥጋውን ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ፣ ከምድጃው በላይ ገመድ ላይ ሰቅላ ወደ ሌላ ሥራዋ ትሄድ ነበር። ልጇ ማድረቂያ ማሽን፣ የግራም ሚዛንና ሮዝ ጨው አለው። ሮዝ ጨው ላይ መጠንቀቁን እንኳ አልቀልድበትም፤ 6.25 በመቶው ሶዲየም ናይትራይት ነው፣ ሲበዛ ይመርዛል፣ ሮዝ የተቀባውም ከገበታ ጨው እንዳይምታታ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም የማሽኑ ሙቀት ብቻውን ጀርም ለመግደል አይበቃምና የበሬ ሥጋ ከመድረቁ በፊት 160 ፋራናይት ይድረስ ይላል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው፣ የመጀመሪያው ዝልዝል ሳይደርቅ ሰውዬው የቋንጣ ሊቅ ሆኖ እናቱን በስልክ ማረሙ ነው።

ደግሞ ሥጋ ሲደርቅ ሲሶው ወይም ሩቡ ነው የሚቀረው። እሱንም ወዳጆቹ «እስቲ ልቅመሰው» እያሉ ቆመው ይጨርሱታል፤ ለፍርፍር የሚተርፍ የለም። በርበሬውን ከአገር ቤት ያስመጣችው ሚስቱ ናት። ቅባት የጠጣውን ትሪ የምትፈገፍገውም እሷ ናት። «እጅህ ይባረክ» የሚባለው ግን እሱ ነው። እሷ ዓመቱን ሙሉ ስታበስል ማንም ሆቢ አላለውም።

እንግዲህ በዚህ ሰመር ለምሳ ከተጠራችሁ እቤታችሁ በልታችሁ ሂዱ። ሥጋው የሚደርሰው ለእራት ነው።