ኔትወርክ ነው አትበሉኝ

«ኔትወርክ ነው» አለኝ የቤቱ ልጅ፣ ገና ከበሩ ሳልዘልቅ።

ጎዶማ ነን፤ ኬንያው ሞያሌ። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ቴሌቪዥኑ ላይ የእህቱ ሰርግ ተከፍቶ ሙሽራው ከመኪናው አንድ እግሩን እንዳወጣ ቀርቷል። መሐል ላይ ክቧ ትዞራለች። እልልታውም እኩሉ ላይ ተቆርጧል።

«የቱ ኔትወርክ?»

«የኢንተርኔቱ ነዋ፣ ጋሼ። ዛሬ ደካማ ነው።»

«ሰርጉ የት ነው የተቀመጠው?»

ጓዳ ገብቶ ከራውተሩ ጀርባ በዩኤስቢ የተሰካውን ሃርድ ዲስክ አሳየኝ።

«ታዲያ ከጓዳ ወደ ሳሎን ለመምጣት ናይሮቢ ምን ሊሠራ ይሄዳል? የውጭውን መስመር አቋርጠው፤ ከዚያ እንነጋገር።»

አቋረጠው። ክቧ ያው መዞሯን ቀጠለች።

ይህን «ኔትወርክ ነው» የሚሉትን ቃል ልቤ ጠልቶታል። ከወዲህም ከወዲያም ሲም የሚይዝ የድንበር ሰው ኔትወርክን መውቀስ ለምዷል፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ራውተር ግን ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ቤቱን ከውጭ ዓለም ማገናኘት ነው፤ ሌላው የቤቱን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘት። ኢንተርኔቱ ጨርሶ ቢጠፋም ሁለተኛው ሥራ አይቆምም። ጥፋቱን ውጭ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለውን አያገኘውም።

«እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ነው» አለ አጎቱ።

«ከመፍረድዎ በፊት ምስክር እንስማ። ፍላሽ አምጡ።»

ፋይሉን በፍላሽ ገልብጦ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ነው ምስክሩ። በፍላሽ ያለችግር ከታየ ቴሌቪዥኑ ነጻ ነው፤ የተበላሸው መንገዱ ነው። በፍላሽም ካልታየ መንገዱን ተዉት፤ ቴሌቪዥኑ ፋይሉን አያውቀውም። አንድ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሰው ግን አምስት ወር ራውተር ሲቀያይር ይከርማል።

«ፍላሹ አልቀበልም አለ። ሞልቷል መሰለኝ።»

«32 ጊጋ ባዶ ፍላሽ በ9 ጊጋ ይሞላል? ፋት 32 በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አያስገባም፤ ባዶ ቢሆንም። ፍላሹን ወደ ኤክስፋት ቀይረው። ፍላሹን ነው ያልኩህ፤ ዲስኩን እንዳትነካ!»

ተቀየረ፣ ተገለበጠ፣ ተሰካ። ሙሽራው ሁለተኛ እግሩን አወጣና ወረደ። ሳሎኑ እልል አለ። እኔ ግን ገና ነበርኩ።

«ፍላሹ ከሠራ ምን ቀረ?» አሉ እናትየው።

«መንገዱ ቀረ፣ እናቴ። በየጊዜው ሰርግ በፍላሽ ሊገለብጡ ነው?»

መንገዱ የሚለካው በሒሳብ ነው። የፋይሉን ጊጋባይት በ8,000 አባዙ፣ ቪዲዮው በሚፈጀው ሰከንድ አካፍሉ። ይህ የሰርጉ ክፍል 9 ጊጋ ነው፤ የሚፈጀው 12 ደቂቃ፣ ማለትም 720 ሰከንድ። 100 ይመጣል። ካሜራማኑ በፎርኬ ቀርጾ እንዳለ ያስረከበው ሰርግ በየሰከንዱ 100 ሜጋቢት ይጠይቃል። የድሮው የቪሲዲ ሰርግ 1.5 ያህል ይበቃው ነበር። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ፣ ከጓዳ በሁለት ግድግዳ አልፎ፣ ከ20 ወይም ከ30 ሜጋቢት በላይ ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። በጠባብ በር ግመል አታስገቡ።

«ኬብል እንዘርጋ!» አለ አጎቱ፣ ለመግዛት ተነሥቶ።

«ይቀመጡ። የብዙ ስማርት ቲቪ የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ከዚያም ላይ የሚባክን አለ። 100 የሚጠይቅ ሰርግ በ100 ቀዳዳ ይተናነቃል። ኬብሉ ራሱ ውስጡ ስምንት ሽቦ አለው፤ የቀጠለው ሰው አራቱን ብቻ አገናኝቶ ከሄደ ደግሞ ጊጋቢት የሚችል ዕቃ እንኳ ቢኖርዎት ከ100 አይዘልም።»

ራውተሩን ዲስኩን እንደያዘ ከጓዳ አውጥተን ሳሎን አስቀመጥነው፤ ቴሌቪዥኑን በ5 ጊጋኸርትዙ አገናኘነው። እሱ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ያደክመዋል። ግድግዳ በሌለበት ሰርጉ ሳይቆም ሄደ። ምንም አልተገዛም።

«ሁለተኛው ክፍል ግን ድምፅ የለውም። ስፒከሩ ነው» አለ ልጁ።

«ማታ ዜና ሲነበብ ስፒከሩ የት ሄዶ ነበር?»

ዝም አለ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ የድንበር ሰው ቶሎ ይገባዋልና። «ኤምፒፎር» ወይም «ኤምኬቪ» የሚለው የፋይሉ ስም የመኪናው ሰሌዳ ነው። ጭነቱ ሌላ ነው። ሁለት የጭነት መኪና አንድ ዓይነት ሰሌዳ ለጥፎ አንዱ ቦሎቄ፣ ሌላው ሲሚንቶ ሊጭን ይችላል። ምስሉ ኤች 264 ከሆነ በ2003 የወጣ ነውና ሁሉም ቴሌቪዥን ለማለት ይቻላል ያውቀዋል። ኤችኢቪሲ ከሆነ በ2013 የወጣ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ቴሌቪዥን ጥቁር ስክሪን ያሳያል። ድምፁ ዲቲኤስ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ አምራቾች ከ2018 ወዲህ ከቴሌቪዥናቸው አውጥተውታል፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ ይቀራል። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና የኮዴክ መረጃውን አንብቡ፤ ጭነቱን በስሙ ይነግራችኋል።

«እና ምን ይደረግ?»

«ሰሌዳው፣ ማለትም የፋይሉ ዓይነት ብቻ፣ ካልተስማማ መኪና ቀይር፤ የጭነቱን ጆንያ አትፍታ። ጭነቱ ካልተስማማ ጆንያው ይፈታል፣ ይለወጣል። ድምፁ ብቻ ከሆነ ድምፁን ብቻ ለውጥ፤ ምስሉን አትንካው።»

በሞያሌ የአንድ ማቆሚያ የድንበር ኬላ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወር መጨረሻ በሁለቱ አገሮች መሪዎች ሲመረቅ ቁም ነገሩ ይኸው ነበር፤ አንድ ጭነት በሁለት ቦታ አይጉላላ። እናንተም ሰርጉን በታየ ቁጥር አታጉላሉት። እንደ ጄሊፊን ያለ ሰርቨር ፋይሉ እየታየ ጭነቱን መለወጥ ይችላል፤ ያን የሚሸከመው ግን ጉልበት ያለው ኮምፒውተር ነው። ራውተር ላይ ይህን መጫን ለሕፃን ኩንታል ማሸከም ነው። አንድ ሌሊት ኮምፒውተሩን አስቀምጣችሁ ለቴሌቪዥን የሚሆን ቅጂ አውጡ፤ ዋናውን ሳትነኩ አኑሩ።

«መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ዲስኩን አላገኘሁትም ይላል።»

«ዲስኩ አልጠፋም፤ ራውተሩ ገና አላነሣውም። ራውተር እንደገና ተነሥቶ የተሰካበትን ዲስክ እስኪያነብ ጊዜ ይፈጃል። ጥቂት ጠብቅና ቴሌቪዥኑ እንደገና እንዲፈልገው አድርግ።»

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የዲስኩ የመብራት አስማሚ ወዲያ ማዶ የተገዛ ነው፤ እግሩ ሁለት ክብ። እዚህ ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ። መሐል ላይ የገባችው ርካሽ መቀየሪያ ትንቀጠቀጣለች፤ በሩ በተዘጋ ቁጥር ዲስኩ ይጠፋና ይነሣል። ሰዎች የሰርጉን መቆራረጥ ከሰማይ ሲፈልጉ ከግድግዳው ላይ ነበር። ይህ ደግሞ ማቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ እየጻፈ መብራት የሚነጠቅ ዲስክ ፋይሉን ያበላሻል።

«የፋይሎቹ ስሞች ሁሉ አራት ማዕዘን ሆነው ነው የሚታዩት። በላቲን ልጻፋቸው?»

«ለምን? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ነው። ፊደሉን ያልያዘው ቴሌቪዥኑ ነው፤ አንተ ስምህን ለምን ትለውጣለህ? የአንድሮይድ ሳጥን ብዙውን ጊዜ ያነበዋል፤ እሱን ሰካ። ከሥር የሚነበበው ጽሑፍም ከተበላሸ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 አስቀምጠው።»

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ልጁ የደበቀውን ተናገረ።

«ፉንዲው፣ ጠጋኙ፣ ግን ፎርማት አድርገው፣ ይስተካከላል ብሎኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ አለ፤ አልጸጸትም። ሦስተኛው ክፍል ላይ አያቱ ቆመው ሲመርቁ አይተናል። አያቱ ዛሬ የሉም። ያ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው ከራውተሩ ጀርባ በተንጠለጠለችው ዲስክ ብቻ ነው።

«ቅጂ አለህ?»

«የለኝም።»

«ካሜራማኑ ጋ?»

«አጥፍቶታል።»

«ፎርማት ጥገና አይደለም፤ ማጥፋት ነው። የማይታይን ቪዲዮ ለማስተካከል ቪዲዮውን አጥፋ የሚልህ ሰው ቤትህ አይግባ። ከእንግዲህ ምንም ከመንካትህ በፊት ሁለተኛ ዲስክ፤ እሱም ሌላ ቤት።»

እናትየው መቀነታቸውን ፈተው ብር ቆጠሩ። አክስቱ ኢትዮጵያው ሞያሌ ናት። ልጁ ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛውን ዲስክ ይዞ ይሻገራል። አስማሚው ክብ እግር መሆኑን እንዲያረጋግጥ ነግሬዋለሁ፤ እዚያ መቀየሪያ አያስፈልገውም።