ሐምሌና አማቻችን

አማቻችን ከአሜሪካ ሲመጣ የያዘው ልብስ ጥቂት ነበር። 23 ኪሎ የሚይዙት ሁለት ሻንጣዎች ሲከፈቱ ድሪል፣ መጋዝ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ጓንትና የቲማቲም ዘር በየፓኬቱ ተጎልጉሎ ወጣ። ቸኮሌት ይኖራል ብለው የከበቡን የሰፈር ልጆች አንድ በአንድ ተበተኑ። እህቴ ጠጋ ብላ፣ «ዓመቱን ሙሉ ቪዲዮ ሲያይ ነው የከረመው፤ እንዳትከራከረው» አለችኝ።

ደግ ሰው ነው። ችግሩ እረፍት የሚሰጡት በሐምሌ መሆኑ ነው። እሱ ብቻም አይደለም፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ሁሉ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እዚያ ፀሐይ ሲበረታ፣ ቁምጣውን ለብሶ እዚህ ዝናብ መሀል ዱብ ይላል። እናቴ የምትኖረው ደግሞ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሐምሌ ማለት ጭጋግ፣ በረዶ፣ ጭቃና የኩበት ጭስ ነው። አገሬው በሐምሌ ያርማል፣ ቦይ ይጠርጋል፣ ሲመሽ እሳት ዳር ይሰበሰባል። ቤት የሚያድስ የለም። አማቻችን ግን የማድ ቤቱን ግድግዳ ሊመርግ፣ መደርደሪያ ሊሰቅል፣ ጓሮውን በቲማቲም ሊሞላ ቆርጦ መጥቷል። እኔን ረዳት አድርጎ ሾመኝ። ሥራዬ መሰላል መያዝ ነው።

በመደርደሪያው ተጀመረ። ድሪሉ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ነው። «ቮልቱስ?» ብለው «አዳፕተር አለኝ» አለ። አዳፕተር የሚቀይረው የሶኬቱን እግር እንጂ ኤሌክትሪኩን አይደለም፤ ድሪሉ የለመደው 120 ቮልት፣ ከእናቴ ግድግዳ የሚወጣው 220። ድሪሉ ጆሮ እስኪበጣ ጮኸ፣ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ በሳ፣ ከዚያ ከመተንፈሻው ሰማያዊ ጭስ ለቀቀና ጸጥ አለ። የተቃጠለው ሽቦ ሽታ ቡና ተቆልቶበት እንኳ አልወጣም። እናቴ እየሮጠች መጥታ፣ «በስመ አብ! አንተን አልነካህም ልጄ? እንኳን በዕቃ አለፈ» አለች። መደርደሪያው በኋላ በመዶሻና በ8 ቁጥር ሚስማር ማገሩ ላይ ተሰቀለ፤ እስካሁን አልወደቀም።

ወደ ምርጊቱ ስንሄድ አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ጎረቤታችን ጣልቃ ገቡ። «ልጄ፣ ጭቃ የሚመረገው ከመስቀል ወዲያ ነው። አሁን ማን ያደርቅልሃል?»

«ሸራ እንወጥርበታለን፣ አባባ።»

ጭቃ ቀላል ነገር ይመስላል። አፈሩ ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ይረገጣል፣ ቀናት ይከርማል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ በስብሶ ነው እርስ በርሱ የሚያያዘው፤ ሳይከርም የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አማቻችን የመመለሻ ቲኬት ስላለበት ጭቃው በቅጡ እንዲከርም ጊዜ አልሰጠውም። ሱሪያችንን ጠቅልለን ገባንበት። የሐምሌ ጭቃ ቅዝቃዜው ከቁርጭምጭሚት ተነስቶ ጥርስ ድረስ ይዘልቃል፤ የገብሱ ጭድ በእግር ጣቶች መሀል እየተሰገሰገ ይወጋል፤ እግር ሲነሳ ጭቃው አልለቅም ይላል። ሰውየው ግን ይስቃል። ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ለድካሜ ይህ ይበቃኛል። መረግን፣ ሸራ ወጠርን፣ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ጠዋት ሸራው ባሕር ዛፉ ላይ፣ ምርጊቱ ግድግዳው ሥር ነበሩ።

ቲማቲሙ ፓኬቱ ላይ «ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል» ተብሎ ተጽፎበታል። ፀሐይዋ አልተገኘችም። ቡቃያዎቹ ብርሃን ፍለጋ ቀጥነው ተንጠራሩ፣ ከዚያ ከእናቴ ድንች በሽታ ተሻገረባቸው። ቅጠሉ ላይ በቡኒ ነጠብጣብ ይጀምራል፤ ገልብጠው ሲያዩት በነጠብጣቡ ዙሪያ ነጭ ሽበት መሳይ ነገር በቅሏል፤ ወዲያው ይጠቁራል። እናቴ «ምች መታው» አለች። አማቻችን ስልኩን ጎርጉሮ፣ ቲማቲምና ድንች ዘመዳሞች በመሆናቸው አንድ በሽታ እንደሚይዛቸው፣ ይኸው በሽታ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ እንደፈጀ ለጎረቤታችን አስረዳቸው። ሽማግሌው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ታዲያ በሻንጣ መጣ?» አሉት። ነገራቸው ከእውነት አይርቅም። ድንቹ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይጻፋል። የእናቴ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ግን ማንም ሳይመክራቸው ለምልመው ነበር።

ከሁሉ የተዋጣለት ቦዩ ነው። ጓሮው ላይ የሚተኛውን ውሃ ለማስወጣት አማቻችን ክር ወጥሮ፣ ውሃ ልክ እያስቀመጠ፣ ስንዝር በስንዝር ቁልቁለቱን እየለካ አስቆፈረኝ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ቦይ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው አንድ ጠብታ ሳያፈስ በሥርዓት ተሰልፎ ወረደ፤ በአጥሩ ሥር አልፎም የጎረቤታችን ጌሾ መሀል ገባ። ጠዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«እንዴት አደራችሁ? ወንዛችሁ ደርሶኛል።»

እናቴ በድንጋጤ ቡና አስፈላች። እስከ ሦስተኛው ስኒ ስለ ጌሾ ማንም አላነሳም። ከዚያ ቦዩ ወደ መንገዱ እንዲዞር ተስማማን፤ ዶማው ወደ እኔ ተመለሰ፤ አማቻችን ክር ያዘ።

በጥር እናቴ የቀን ሠራተኛ ጠርታ ግድግዳውን አስመረገችው። ጭቃው በቅጡ ከርሞ፣ ተረግጦ፣ ፀሐይ መትቶት ድንጋይ ሆነ። ይህንን በስልክ ስትነግረው አማቻችን ከልቡ ተደሰተ።

«ግድየለም እማማ፣ በሚመጣው ሐምሌ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ይዤልዎት እመጣለሁ።»

«ተባረክ» አለች እናቴ። «ፀሐይዋንስ ከየት ልታመጣት ነው፣ ልጄ?»