ዶሮ አይጾምም

200 ዶሮ ላረባ ቆርጬ ተነሣሁ። ብድር ልጠይቅ የሄድኩበት ቢሮ ግን ስለ ዶሮ አንዲት ቃል አላነሣም። «ቢዝነስ ፕላን አለዎት?» አለችኝ ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ። የለኝም። ከንፈሯን መጠጠችና ከበሩ ማዶ ያለውን ፎቶ ኮፒ ቤት በአገጯ አሳየችኝ።

የፎቶ ኮፒው ልጅ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሥራው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዶሮ።»

«ስንት ገጽ ይሁን?»

ዕቅድ በገጽ እንደሚሸጥ ያን ዕለት ገባኝ። በ42 ገጽ ተስማማን። ሻዬን ሳልጨርስ ተጠርዞ እጄ ገባ። ራእይ አለው፣ ተልእኮ አለው፣ ባለቀለም ሰንጠረዥ አለው። ትርፌ እስከ አምስተኛው ዓመት በየዓመቱ 20 በመቶ ያድጋል፤ አንዲት ዶሮ እንኳ አትታመምም። (ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 75 ገደማ ገባ። ያን ጠዋት ስንት የአምስት ዓመት ዕቅድ በየመሳቢያው እንደሞተ እንጃ።)

ማታ ሳነበው ገጽ 17 ላይ «ዶሮዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሸለታሉ» ይላል። ለካ ልጁ የሌላ ሰው የበግ ዕቅድ ውስጥ «በግ»ን አጥፍቶ «ዶሮ» ተክቶበታል! ላሳርመው አልኩና፣ እስቲ ማን ያነበዋል ብዬ እንዳለ አስገባሁት። ልጅቷ አገላበጠችው። «ማኅተም ይቀረዋል» አለችኝ። ሽለታውን ያነሣ የለም።

ጉሊት እንቁላል የሚሸጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው ጎረቤት አሉኝ። ዕቅዴን በኩራት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን እንኳ አልፈለጉም።

«አንተ ልጅ፣ ሁዳዴን ምን ልታበላቸው ነው?»

42 ገጽ ውስጥ ሁዳዴ የለም። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ጾሙ 55 ቀን ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። 200 ዶሮ በጾሙ 13 ኩንታል ከ20 ኪሎ ይጨርሳል ማለት ነው። በልቶም ዝም አይል፤ ይጥላል። እኛ ሰፈር ደግሞ በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ በጣት ይቆጠራል።

ዕቅድ ይቅር አላልኩም። አበዳሪ ገንዘቡን ሲሰጥ ወረቀት ቢጠይቅ መብቱ ነው። እኔን ያናደደኝ ለሚያበድር ተጽፎ ለሚያረባ አለመጻፉ ነው።

የእማማ ዕቅድ በቃል ነው፤ «በታኅሣሥ የ45 ቀን ጫጩት ግዛ። በአምስት ወራቸው መጣል ሲጀምሩ ፋሲካ ይደርስልሃል። 50 ይበቃሃል።»

«የከርሞው ሁዳዴስ?»

«እሱን ከፋሲካ በኋላ ና፣ እንነጋገራለን።»

ማኅተሙን አስመትቻለሁ። የብድሩ መልስ ገና ነው። 50ዎቹ ጫጩቶች ግን ጓሮዬ ናቸው፤ እስካሁን የተሸለተ የለም።