ሙሽራው ሞተር

ቅዳሜና እሑድ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚወጣ ሰው ዛፍ ሊያይ የሚወጣ ይመስለዋል። የዋህ! ከ700 ሄክታር የሚበልጠው ግቢ፣ ጥዱ፣ ኮሶውና ወይራው ጥቅም የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ለፎቶ ጀርባ ይሆናሉ። ከዛፎቹ ፊት ሙሽሮቹ ይቆማሉ፤ ከሙሽሮቹም ፊት ለሰርጉ የተከራየችው፣ ጣሪያዋ የሚገለጠው አሮጌ ስፖርት መኪና ትቆማለች። ከዚያ አንዱ ሚዜ ኮፈኗን ይከፍታል። የዕለቱ እውነተኛ ሙሽራ ያን ጊዜ ይወጣል፦ ሞተሩ። ሱፍ የለበሰ ሁሉ አጎንብሶ ያደንቃል። ማን ይፈርድበታል? የቴስታታው ክዳን ላይ እያዩ ከረባት ማስተካከል ይቻላል።

ይህ ውበት እንዲሁ አልተገኘም፤ ላቫጆ የገባው ጧት ነው። ባለሙያው ሥራውን የሚጀምረው ሞተሩ ገና እንደጋለ ነው፤ በቀዘቀዘ ሞተር ላይማ ማንም ውሃ ይደፋል። መጀመሪያ ናፍጣ በኮምፕረሰር ይነፋበታል፣ ቀጥሎ የሳሙና አረፋ፣ ቀጥሎ እሳት አደጋን የሚያስቀና የውሃ ግፊት። ሲደርቅ (ይደርቃል ብለን እንመን) ጎማ የሚያበራው ቅባት ቱቦውና ገመዱ ላይ ይለቀለቃል። ፈሪ የሆኑ መካኒኮች ሌላ ነገር ይላሉ፤ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይፈታ፣ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ዲናሞውና የካርቡራተሩ አፍ በፌስታል ይሸፈን፣ ቅባቱ በብሩሽ ይታሽ፣ ውሃው በቀስታ ይፍሰስ ይላሉ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሚውል ሰው ሰርጉ ላይ መቼ ሊደርስ ነው?

የድካሙ ፍሬ ብዙ አያስጠብቅም። በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጥ የገባው እርጥበት ለካንዴላዎቹ የተላከውን ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ሞተሪኖው ይጮኻል፣ ሞተሩ ዝም ይላል፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ይገፋሉ። ቢነሳም ዳገቱ አለ። ማዕከሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተርም ከአየሩ የበዛ ቤንዚን እያጠጣ ካንዴላውን ያጠቁረዋል። መድኃኒቱ ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ነበር። ችግሩ፣ የተስተካከለ ካርቡራተር ፎቶ ላይ ካልተስተካከለው አይለይም። ስለዚህ ገንዘቡ ለቅባቱ ይውላል።

ለሰርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ፤ የአንድ ቀን ደስታ ነው። የጥበቡ ሊቃውንት ግን ያሉት መኪና ሻጮች ዘንድ ነው። አንድ አሮጌ ሞተር ሆዱን የሚያወራው በቆሻሻው ነው። ከቴስታታው ክዳን ሥር የወረደ ጥቁር መስመር ጓርኒሲዮኑ ማርጀቱን ይናገራል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የሚያንጠባጥብ ዘይት የኋላው ማኅተም ማለቁን ይጠቁማል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። በራዲያተሩ ቱቦ አንገት ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት የውሃውን መፍሰስ ያሳብቃል። አሥራ አምስት ዓመት የተጻፈውን ይህን የሕመም ታሪክ አንድ የላቫጆ ልጅ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ከዚያ ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የዶክተር እጅ ነበረች፤ እዩት፣ ጠብታ የላትም» ይላል። እውነቱን ነው። ጠብታዋ ጧት ከናፍጣው ጋር ወርዷል።

መንግሥትም ለዚህ ጥበብ ማበብ የበኩሉን አድርጓል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገለ መኪና አስመጪ ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከነጭራሹ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሌላው ዓለም መኪናው ባረጀ ቁጥር ዋጋው ሲወርድ ያለቅሳል፤ የእኛ ዲኤክስና ቮልስ ግን እንደ ርስት መሬት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። እንዲህ የተከበረ ሽማግሌ ገበያ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ቢወጣ ነውሩ ምን ላይ ነው?

ውሃው የት ይሄዳል የሚል ሰው አይጠፋም። ቁልቁል ነዋ! ከሰሜን ምዕራብ ኮረብታዎች የሚወርደው ጅረት ትንሹ አቃቂ ውስጥ ይገባል፣ ትንሹ አቃቂ ከትልቁ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል፣ ከዚያ አዋሽ። በመንገዱ ላይ ሰላጣና ጎመን ያጠጣል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ከተማ ይመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን ያገለገለ የሞተር ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውሃ ሊበክል ይችላል ይላል። እነሱ ሁሉንም በጋሎን ያጋንናሉ። እኛ ዘይት ሲወደድ ጎመናችን ቅባቱን ይዞ መምጣቱን እንደ በረከት መቁጠር ነው የሚገባን።

እንዲያውም ማዕከሉ ከላቫጆው ቢማር እላለሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ግቢ ነው፤ ሊቃውንት አያጣም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋትን በ8 ቅጽ ለመመዝገብ ሠላሳ ዓመት ገደማ ደክመው ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ሲጽፉ፣ አንዱንም አጥበው አያውቁም። ኮሶው ቅርፊቱ ተልጦ ተንጠልጥሏል፣ የጥዱ ግንድ ላይ ሽበት በቅሏል። ናፍጣ ይነፋበት! ሥሩ በብሩሽ ይፈግፈግ፣ ቅጠሉ የጎማ ቅባት ይቀባ። በሚቀጥለው ዓመት አንድም ዛፍ አይተርፍም፤ የዘንድሮው ፎቶ ግን ያምራል።

አሁን ከሽሙጡ ልውጣና ለገዢ አንድ ነገር ልንገር። ሞተሩ የሚያንጸባርቅ መኪና ከቀረበላችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አትስደዱ። «አቧራውን እንደያዘ ለምን አላመጣችሁትም?» በሉ። ከዚያ ደረቅ ካርቶን ከሥሩ አንጥፉ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ካርቶኑ ላይ የወደቀውን ለመካኒካችሁ አሳዩ፣ ከየት እንደመጣም ጠይቁና ዋጋውን ከዚያ ጀምራችሁ ተደራደሩ። ሻጩ ካርቶን አይነጠፍም ካለ፣ ሌላ መኪና ፈልጉ።